የኤኤም ጣቢያን በኤፍኤም ትራንስሌተር ማሰማት፦ ከካርታው እስከ ማማው ዝርዝር መመሪያ

ደውለው የሚያማክሩኝ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ማሰራጫውን ገዝተው ጨርሰዋል። ካርቶኑ ስቱዲዮ ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የማማው ኪራይ ተከፍሏል፣ «የቀረን ፈቃዱ ብቻ ነው» ይላሉ። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው እዚያው ላይ ነው። ገንዘባቸው ሲባክን ያየኋቸው ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው።

ይህ መመሪያ አሜሪካ ውስጥ አነስተኛ የኤኤም ጣቢያ ለያዙ ወይም ለሚያስተዳድሩ፣ በኤፍኤም ትራንስሌተር አማካይነት ተደማጭነታቸውን ማስፋት ለሚፈልጉ ነው። ትራንስሌተር ሲባል ቋንቋ የሚተረጉም መሣሪያ የመሰላቸው ስፖንሰሮች ገጥመውኛል፤ ነገሩ የአንድን ጣቢያ ፕሮግራም ተቀብሎ በሌላ የኤፍኤም ፍሪኩዌንሲ መልሶ የሚያሰራጭ አነስተኛ ማሰራጫ ነው። የኤኤም ጣቢያዎች በዚህ እንዲጠቀሙ የፌዴራል ኮሚኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) የፈቀደው በ2009 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳትቀበሉ ወደ ደረጃ 1 አትለፉ።

ትራንስሌተር በኤፍኤም ሰፈር ሁልጊዜ እንግዳ ነው። ሕጉ ሁለተኛ ደረጃ አገልግሎት ይለዋል። ሙሉ ፈቃድ ያለውን የኤፍኤም ጣቢያ ከረበሻችሁ የምታስተካክሉትም፣ ካልተቻለ የምታጠፉትም እናንተ ናችሁ። «እኔ ቀድሜ ነበርኩ» የሚለው ክርክር አይሠራም። አነስተኛ ኃይል ያላቸው የማኅበረሰብ ኤፍኤም ጣቢያዎች ግን ከ2010ሩ ሕግ ወዲህ ከትራንስሌተር ጋር እኩል ደረጃ አላቸው።

የኃይል ጣሪያው 250 ዋት ነው። ይህ ከአንቴናው የሚወጣው ኃይል (ኢአርፒ) እንጂ የማሰራጫው ኃይል አይደለም። ልዩነቱን ደረጃ 6 ላይ እናሰላዋለን።

ከዋት ይልቅ ከፍታ ያዋጣል። አንቴናው ከአካባቢው አማካይ የመሬት ከፍታ በ30 ሜትር በልጦ ሲቆም 100 ዋት 60 ዲቢዩ (ዲቢዩ የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ምልክቱ ደካማ፣ መስመሩም ሩቅ ነው) የሚባለውን የሽፋን መስመር እስከ 5.6 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ያንኑ አንቴና ሳታንቀሳቅሱ ኃይሉን ወደ 250 ዋት ብታሳድጉ 7.1 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ተኩል እጥፍ ኃይል የጨመረው አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ብቻ ሆነ ማለት ነው። 250 ዋቱን ይዛችሁ ከፍታውን 100 ሜትር ብታደርጉ ግን ወደ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ትደርሳላችሁ። ኤፍኤም የሚሄደው በእይታ መስመር ነው፤ ኮረብታ ከፊቱ ከቆመ ዋት አያሻግረውም።

## ደረጃ 1፦ የኤኤሙን ወረቀት አውጡ

የጣቢያችሁን ፈቃድ ከኤፍሲሲ የመረጃ ቋት አውርዱና እነዚህን ጻፉ፦

1. የጣቢያው ክፍል (ኤ፣ ቢ፣ ሲ ወይም ዲ)።
2. የማሰራጫው ማማ ትክክለኛ ኮኦርዲኔት።
3. የቀንና የሌሊት ኃይል።
4. አንቴናው በሁሉም አቅጣጫ የሚያሰራጭ ነው ወይስ አቅጣጫ የተመረጠለት።

ክፍል ዲ (ሌሊት ኃይሉ በጣም ትንሽ የሆነ ወይም ጭራሽ የማያሰራጭ) ከሆናችሁ ይህ ሥራ ከማንም በላይ ለእናንተ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የኤኤም ሞገድ በላይኛው ከባቢ አየር እየተንጸባረቀ ሩቅ ስለሚሄድ ትንንሽ ጣቢያዎች ኃይላቸውን እንዲቀንሱ ወይም እንዲዘጉ ይገደዳሉ። ትራንስሌተሩ ግን ኤኤማችሁ ከተዘጋም በኋላ ሌሊቱን መቀጠል ይችላል፤ ቅድመ ሁኔታው ኤኤሙ ባለፉት 24 ሰዓታት ውስጥ አየር ላይ መዋሉ ነው።

ጥንቃቄ፦ ፈቃዱ ላይ ያለው ኮኦርዲኔት ከመሬቱ ጋር መግጠሙን በሳተላይት ካርታ አረጋግጡ። በቆዩ ፈቃዶች ላይ ነጥቡ ከማማው ርቆ አጎራባች ማሳ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ስህተቱን አሁን ካላረማችሁ በኋላ የሚመጣው ስሌት ሁሉ በላዩ ይገነባል።

## ደረጃ 2፦ ክቡንና መስመሩን ካርታ ላይ አስቀምጡ

በ2017 በተሻሻለው ደንብ መሠረት የትራንስሌተሩ 60 ዲቢዩ መስመር ሙሉ በሙሉ ከሁለቱ በሚሰፋው ውስጥ መውደቅ አለበት፦ በኤኤሙ የቀን 2 ሚሊቮልት በሜትር መስመር (የኤኤሙ ምልክት በቀን ይህን ጥንካሬ የሚይዝበት ወሰን)፣ ወይም ከኤኤሙ ማማ ተነስቶ በሚለካው የ25 ማይል ክብ።

1. ካርታው ላይ የ25 ማይል (40 ኪሎ ሜትር) ክብ ሥሩ።
2. የ2 ሚሊቮልቱን መስመር በላዩ አስቀምጡ።
3. አድማጮቻችሁ በእርግጥ የሚኖሩበትን ሰፈርና በመኪና የሚመላለሱበትን መንገድ በሌላ ቀለም አቅልሙ።
4. በዚያ አካባቢ ያሉትን ረጃጅም ማማዎች፣ ሕንፃዎችና ኮረብታዎች ምልክት አድርጉ።

ሦስተኛው ተራ ነገር ይመስላል፤ አብዛኛው ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። 13 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ማሰራጫ አርባውን ኪሎ ሜትር አይሸፍንም። የት እንደምትተክሉት ካልመረጣችሁ ማማው ርካሽ የሆነበት ቦታ ይመርጥላችኋል።

ካልገጠመ፦ መስመሩ በአንድ በኩል ከክቡ የሚያልፍ ከሆነ ኃይሉን ከመቀነሳችሁ በፊት ወደዚያ አቅጣጫ ያለውን ብቻ የሚያዳክም አንቴና አስቡ።

## ደረጃ 3፦ ትራንስሌተሩን ማግኘት

አዲስ ፈቃድ በፈለጉት ቀን አይጠየቅም፤ ኤፍሲሲ የማመልከቻ መስኮት ሲከፍት ብቻ ነው። ለኤኤም ጣቢያዎች ተብለው የተከፈቱት መስኮቶች በ2017 ክረምት (ለክፍል ሲ እና ዲ) እና በጥር 2018 (ለክፍል ኤ እና ቢ) ነበሩ። ከዚያ ውጭ ያለው መንገድ ያለ ትራንስሌተር መግዛት ወይም መከራየት ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ፦

- የሚሠራ ፈቃድ ነው ወይስ የግንባታ ፈቃድ? የግንባታ ፈቃድ ዕድሜው 3 ዓመት ነው። ሁለት ወር የቀረውን በርካሽ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ አለ፤ ቀኑ ሲያልቅ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሞታል።
- ከየትኛው መስኮት የመጣ ነው? በ2017 እና በ2018ቱ መስኮቶች የተሰጡት ከኤኤም ጣቢያቸው ጋር ለዘለቄታው የታሰሩ ናቸው። ተነጥለው አይሸጡም።
- አሁን የት ነው ያለው? በቀላል ማሻሻያ (መስኮት ሳይጠበቅ በሚቀርብ የለውጥ ማመልከቻ) ለማዛወር አሁን ያለው 60 ዲቢዩ መስመር እና አዲሱ 60 ዲቢዩ መስመር መነካካት አለባቸው። የአሥራ ሦስት ኪሎ ሜትር ክብ ይዞ ሌላ ካውንቲ ውስጥ ያለ ትራንስሌተር እናንተ ዘንድ አይደርስም።
- የተንጠለጠለ የረብሻ አቤቱታ አለበት? ካለበት አቤቱታውንም አብራችሁ ትገዛላችሁ።

ሻጩ «ማዛወሩ ችግር የለውም» ካለ የማዛወሪያው ማመልከቻ እስኪጸድቅ ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን እንዲያዝ ውል ውስጥ አስገቡ። የባለቤትነት ዝውውሩ በቅጽ 345 ይቀርባል።

## ደረጃ 4፦ ቻናሉን መፈተሽ

ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ለዚህ ደረጃ ይሁን። አማካሪ መሐንዲስ ብትቀጥሩም ራሳችሁ ካልገባችሁ የተሰጣችሁ መልስ ጥሩ ይሁን መጥፎ አታውቁም።

የኤፍኤም ቻናሎች ከ201 (88.1 ሜጋ ኸርዝ) እስከ 300 (107.9) ይቆጠራሉ፤ እያንዳንዱ በ0.2 ሜጋ ኸርዝ ይርቃል። ከ201 እስከ 220 ያሉት ንግድ ላልሆኑ ጣቢያዎች የተከለሉ ስለሆኑ የንግድ ጣቢያ ከ221 ጀምሮ ይፈልጋል።

ለእያንዳንዱ እጩ ቻናል ይህን ፈትሹ። የሌላው ጣቢያ የተጠበቀ መስመር (ደንቡ ከረብሻ የሚጠብቅለት የሽፋን ወሰን) 60 ዲቢዩ ከሆነ፦

1. በአንድ ቻናል ላይ ያለ ጣቢያ፦ የእናንተ 40 ዲቢዩ መስመር የእሱን 60 መንካት የለበትም።
2. ቀጥሎ ያለ ቻናል (0.2 ሜጋ ኸርዝ ልዩነት)፦ የእናንተ 54 ዲቢዩ መስመር መንካት የለበትም።
3. ሁለተኛና ሦስተኛ ጎረቤት (0.4 እና 0.6 ሜጋ ኸርዝ)፦ የእናንተ 100 ዲቢዩ መስመር መንካት የለበትም።

በሰሜን ምሥራቅ ግዛቶችና በደቡብ ካሊፎርኒያ የሚበዙት ክፍል ቢ ጣቢያዎች የተጠበቀ መስመራቸው 54 ዲቢዩ ነው፤ ክፍል ቢ1 ደግሞ 57። ለእነሱ ከላይ ካሉት ቁጥሮች ላይ 6 ወይም 3 ቀንሱ። ይህን ረስቶ «ባዶ ቻናል አገኘሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው።

አንድ ስህተት ላሳያችሁ። የሌላው ጣቢያ የተጠበቀ መስመር የሚሠራው በ50/50 ሰንጠረዥ (በግማሹ ቦታ፣ በግማሹ ጊዜ የሚገኝ ምልክት) ሲሆን የእናንተ ረባሽ መስመር (ከላይ የ40፣ የ54 ወይም የ100 ዲቢዩው) የሚሠራው በ50/10 ሰንጠረዥ (በግማሹ ቦታ፣ በ10 በመቶው ጊዜ) ነው። ሁለቱንም በአንድ ሰንጠረዥ የሠራ ሰው የራሱን ረባሽ መስመር አሳንሶ ያያል፤ ማመልከቻውም ተመላሽ ይሆናል።

### ሁለተኛ ጎረቤት ከዘጋችሁ

ከተማ ውስጥ ሁልጊዜ የሚዘጋው ይህ ነው፤ መውጫ ግን አለው። የእናንተ ምልክት ከሌላው ጣቢያ ምልክት በ40 ዴሲቤል የሚበልጥበት ስፋት ውስጥ ሰው እንደማይኖር ካሳያችሁ ይፈቀዳል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 250 ዋት በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ 101 ዲቢዩ ገደማ ይሰጣል። ሌላው ጣቢያ እናንተ ማማ ላይ 60 ዲቢዩ ብቻ ከሆነ ረባሹ መስመራችሁ 100 ዲቢዩ ነው፤ ራዲየሱ አንድ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ውስጡም ቤቶች ይኖራሉ። ሌላው ጣቢያ እዚያ 80 ዲቢዩ ከሆነ ግን ረባሹ መስመር 120 ዲቢዩ ይሆናል፤ ራዲየሱ 110 ሜትር ብቻ ነው። አንቴናው 60 ሜትር ላይ ከተሰቀለ፣ ወደ ታች የሚረጨው ምልክትም ደካማ ከሆነ፣ ያ መስመር ሰው ካለበት ከፍታ ሳይደርስ አየር ላይ ያልቃል።

ስለዚህ ሁለተኛ ጎረቤታችሁን አትሽሹት፤ ወደ ማማው ተጠጉ። መጀመሪያ ስትሰሙት ግራ ያጋባል፤ እኔም ወረቀት ላይ ሁለቴ ሠርቼ ነው ያመንኩት።

### ወረቀቱ ካለፈ በኋላ ጆሯችሁን ላኩ

በመኪና ሬዲዮ እጩውን ፍሪኩዌንሲ ከፍታችሁ አካባቢውን በተለያየ ሰዓት ዙሩ፤ ማለዳ ላይም ሞክሩ። ደንቡ የማይጠብቀው ሩቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ የሚሰማ ከሆነ አድማጭ አለው ማለት ነው። ማመልከቻችሁ ሊጸድቅ ይችላል፤ አቤቱታው ግን ካበራችሁ በኋላ ይመጣል።

## ደረጃ 5፦ ማመልከቻው

ማመልከቻው ቅጽ 349 ሲሆን በኤፍሲሲ የኤልኤምኤስ ሥርዓት በኩል በኢንተርኔት ይገባል። ከማስገባታችሁ በፊት፦

- የማማውን ባለቤት ፈቃደኝነት በጽሑፍ ያዙ። የቃል «እሺ» ማስረጃ አይሆንም።
- ማማው ከ200 ጫማ በላይ ከሆነ ወይም አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከሆነ የምዝገባ ቁጥሩን ፈልጉና ከፍታው ከምዝገባው ጋር መግጠሙን አረጋግጡ።
- ከአንቴናው የሚወጣው ጨረር ሰው በሚደርስበት ቦታ ከወሰኑ በታች መሆኑን አሳዩ። ለሕዝብ የተፈቀደው በኤፍኤም ሞገድ በካሬ ሴንቲ ሜትር 0.2 ሚሊዋት ነው። የሕንፃ ጣሪያ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ይህ ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ጣሪያውን የሚጠግን ሰው አለ።

ተመላሽ ከሆነ፦ ደብዳቤውን በእርጋታ አንብቡ። ብዙውን ጊዜ ችግሩ አንድ ጣቢያ ላይ፣ በአንድ አቅጣጫ ያለ ትንሽ መነካካት ነው፤ በዚያ አቅጣጫ የሚቀንስ አንቴና ያስተካክለዋል። ሁሉንም ከዜሮ አትጀምሩ።

## ደረጃ 6፦ አስሉ፣ ከዚያ ግዙ

አሁን ግዙ። የግንባታ ፈቃዱ እጃችሁ ገብቷል፤ የሚያስፈልገው ኃይልም ይታወቃል።

የማሰራጫው ኃይል = ኢአርፒ ÷ (የአንቴና ትርፍ × በገመድ የሚተርፈው ኃይል)

ምሳሌ፦ 250 ዋት ኢአርፒ ፈለጋችሁ። አንቴናው ባለ ሁለት ክፍል ክብ ፖላራይዜሽን ነው፤ ትርፉ (ኃይሉን ወደ አድማሱ የሚያጎላበት እጥፍ) 1 ገደማ ነው። ገመዱ 60 ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው ኮአክሲያል ነው፤ በ100 ሜጋ ኸርዝ 1.3 ዴሲቤል ይበላል፣ 74 በመቶው ይተርፋል። 250 ÷ 0.74 = 338 ዋት። ገመዱን ሰባት ስምንተኛ ኢንች ብታደርጉት ብክነቱ 0.7 ዴሲቤል ይሆንና 294 ዋት ይበቃል። የ300 ዋት ማሰራጫ ከወፍራም ገመድ ጋር፣ ወይስ የ500 ዋት ማሰራጫ ከቀጭን ገመድ ጋር? የእኔ ምርጫ ወፍራሙ ገመድ ነው፤ ገመድ የኤሌክትሪክ ሂሳብ አይልክም።

ባለ አንድ ክፍል አንቴና ከገዛችሁ ትርፉ 0.46 ገደማ መሆኑን አትርሱ። ያው 250 ዋት በቀጭኑ ገመድ ከ700 ዋት በላይ ማሰራጫ ይጠይቃል።

ጥንቃቄ፦ ማሰራጫው ለትራንስሌተር አገልግሎት በኤፍሲሲ የተመሰከረለት መሆን አለበት። በኢንተርኔት በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ የምስክር ቁጥር የላቸውም። ቁጥሩን ከሻጩ ጠይቃችሁ በኤፍሲሲ ቋት ፈልጉት፤ ካልተገኘ አትግዙ።

## ደረጃ 7፦ ማማው

አንቴናውን የሌላ ሰው ማማ ላይ የምትሰቅሉ ከሆነ ሥራው የተለመደ ነው፦ የተመሰከረለት ማማ ላይ የሚወጣ ሠራተኛ፣ በጥብቅ የታሰረ ገመድ፣ ከታች ምድር የተገናኘ የመብረቅ መከላከያ። ኮኔክተሩን ውኃ በማያስገባ ቴፕ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ እንደ ጣሪያ ክዳን ላይኛው ታችኛውን ይደርብ። ተገልብጦ ሲጠቀለል ዝናቡ በየንብርብሩ ይገባል።

የራሳችሁ የኤኤም ማማ ላይ ከሆነ ግን ቆም በሉ። በኤኤም ጣቢያ ማማው ራሱ አንቴና ነው። ብዙውን ጊዜ ከሥሩ በሸክላ ኢንሱሌተር ከመሬት ተነጥሎ የቆመ፣ በኃይል የተሞላ ብረት ነው። እግሩ መሬት፣ እጁ ማማ ላይ የሆነ ሰው ይቃጠላል። ኤኤሙ ሳይጠፋ ማንም እንዳይነካው፤ ማጥፊያውንም ቆልፋችሁ ቁልፉን ለሚወጣው ሰው ስጡት።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ምንም ከመንካታችሁ በፊት የማማውን ሥር ኢምፒዳንስ (ማማው ለኤኤሙ ሞገድ የሚያሳየውን የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) አስለኩና ጻፉ።
2. የኤፍኤሙ ገመድ ማማው ላይ በሚወጣበት ቦታ አይሶካፕለር አስገቡ። የኤፍኤም ኃይል ያሳልፋል፣ የኤኤሙን ኃይል ግን በገመዱ በኩል ወደ መሬት እንዳይፈስ ይዘጋል።
3. ገመዱን በየተወሰነ ርቀት ከማማው ጋር በብረት አስሩት።
4. አንቴናውን ስቀሉ።
5. ኢምፒዳንሱን እንደገና አስለኩ።

የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር ከተለያዩ ማስተካከያ ሳጥኑ (ኤኤሙን ከማማው ጋር የሚያጣጥመው) እንደገና መስተካከል አለበት፤ የኤኤሙ ኃይል የሚሰላበት ቁጥር ስለተለወጠም አዲሱ ለኤፍሲሲ ይቀርባል። የመጀመሪያውን ልኬት የዘለለ ሰው ምን እንደተለወጠ የሚያወዳድርበት የለውም። ኤኤሙ ደክሞ ሲሰማ ኤፍኤሙን ይወቅሳል፤ ኤፍኤሙን ያወርዳል፤ ኤኤሙ ግን አይመለስም። ባለ ብዙ ማማ፣ አቅጣጫ የተመረጠለት ኤኤም ካላችሁ ደግሞ ያለ መሐንዲስ አትጀምሩት፤ የአንዱ ማማ ለውጥ የሁሉንም ሚዛን ያዛባል።

## ደረጃ 8፦ ድምፁ

ለኤኤሙ ከተዘጋጀው ድምፅ ቀንጥባችሁ ለኤፍኤም አትስጡ። የኤኤም ፕሮሰሰር (ድምፁን ለማሰራጫው የሚያዘጋጀው ሳጥን) ከ10 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ቆርጦ የቀረውን አጥብቆ ይጨምቃል። ኤፍኤም እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ ያስኬዳል። የተቆረጠውን መልሶ የሚያመጣ መሣሪያ የለም።

መስመሩ እንዲህ ይሁን፦ ሚክሰር → የአስቸኳይ ጊዜ ማስጠንቀቂያ (ኢኤኤስ) ሳጥን → እዚህ ላይ ለሁለት ክፈሉት → አንዱ ወደ ኤኤም ፕሮሰሰር፣ ሌላው ወደ ኤፍኤም ፕሮሰሰር።

የሚከፈልበት ቦታ ወሳኝ ነው። ትራንስሌተር የራሱ የኢኤኤስ ሳጥን እንዲኖረው አይገደድም፤ የሚያስተላልፈው ከዋናው የመጣውን ነውና። እኔ አንድ ጊዜ ሽቦ ለማሳጠር ብዬ ለኤፍኤሙ ከሳጥኑ በፊት ቀነጠብኩ። ድምፁ ግሩም ነበር። የወሩ ሙከራ ቀን ኤኤሙ ጩኸቱን ሲያሰማ ኤፍኤሙ ላይ ማስታወቂያ ይሄዳል። ሙከራ ባይሆንና የአውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ቢሆን ኖሮ ማሰቡ ይከብደኛል።

ከስቱዲዮ ወደ ማማ ለመላክ የኢንተርኔት ኮዴክ (ድምፁን በኢንተርኔት የሚልክና የሚቀበል ሳጥን)፣ ማይክሮዌቭ ወይም የስቱዲዮ ማገናኛ ሬዲዮ ይሆናል። የኤኤሙን አየር በሬዲዮ ተቀብሎ መልሶ ማሰራጨት ይቻላል፤ ነጎድጓዱንም አብራችሁ ታሰራጫላችሁ። ኮዴክ ከመረጣችሁ ከሌላ ድርጅት ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ያዙ።

ስቴሪዮ ወይስ ሞኖ? ወሬ የሚበዛበት ጣቢያ ከሆናችሁ ሞኖ። ስቴሪዮ በደካማ ምልክት ላይ ሹክሹክታውን ወደ 20 ዴሲቤል ይጨምራል፤ 250 ዋት ያለው ሰው ይህን መክፈል አይችልም። የሽፋናችሁ ጠርዝ ላይ ያለው አድማጭ ልዩነቱን ያውቀዋል።

## ደረጃ 9፦ ማብራት

1. መጀመሪያ ማሰራጫውን አንቴና ላይ ሳይሆን ደሚ ሎድ (ኃይሉን ሳያሰራጭ ወደ ሙቀት የሚለውጥ የመሞከሪያ ጭነት) ላይ አብሩና ለአንድ ሰዓት ተዉት።
2. አጥፉ፣ አንቴናውን አገናኙ፣ በ10 ዋት አብሩ።
3. ተመላሹን ኃይል አንብቡ። ከሄደው 4 በመቶ ከተመለሰ የቋሚ ሞገድ ጥምርታው (ኤስደብልዩአር፣ አንቴናው ከማሰራጫው ጋር የመግጠሙ መለኪያ) 1.5 ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኃይል አትጨምሩ።
4. ጥሩ ከሆነ በየደረጃው እስከ ተሰላው ኃይል አሳድጉ፤ በየደረጃው ተመላሹን ጻፉ።
5. የድምፁን መጠን 75 ኪሎ ኸርዝ ዴቪዬሽን (ድምፁ ፍሪኩዌንሲውን የሚያወዛውዝበት መጠን) እንዳያልፍ አስተካክሉ።

ተመላሹ ከፍ ካለ፦ ከታች ጀምሩ። በመጀመሪያ ማሰራጫው ጀርባ ያለው ኮኔክተር፣ ቀጥሎ የመብረቅ መከላከያው፣ ከዚያ አይሶካፕለሩ፣ መጨረሻ አንቴናው። ሰው ማማ ላይ ከመላካችሁ በፊት መሬት ላይ ያለውን ጨርሱ። በፀሐይ ጥሩ፣ በዝናብ መጥፎ ከሆነ ውኃ ገብቷል፤ ኮኔክተሩን ፈትታችሁ አድርቃችሁ አትመልሱት፣ ቀይሩት።

ኤፍኤሙ ላይ ኤኤሙ ድምፅ ሆኖ የሚጎረብጥ ከሆነ የድምፅ ገመዱ የኤኤሙን ሞገድ እየተቀበለ ነው። ሚዛናዊ ገመድ ተጠቀሙ፣ ፌራይት ቀለበት አስገቡ፣ የመሣሪያዎቹን ምድር ወደ አንድ ነጥብ አምጡ።

የግንባታ ፈቃዱ ከማለቁ በፊት ቅጽ 350 (የሚሠራውን ፈቃድ የሚጠይቀውን) አስገቡ። ሁሉ ተሠርቶ፣ አየር ላይ ውሎ፣ ይህ ቅጽ ስለተረሳ ብቻ ፈቃዱ የሞተበት ሰው አለ።

## ደረጃ 10፦ ከበራ በኋላ

መለያ። ትራንስሌተሩ የራሱ ስም አለው፦ ኬ ወይም ደብልዩ፣ የቻናል ቁጥሩ፣ ሁለት ፊደል። ማሰራጫው በየሰዓቱ በሞርስ ኮድ ካላሳወቀ ዋናው ጣቢያ በቀን ሦስት ጊዜ ይጥራው፦ ከጠዋቱ 7 እስከ 9፣ ከ12፡55 እስከ 1፡05፣ ከቀትር በኋላ 4 እስከ 6። ይህ በአሜሪካ ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከ1 እስከ 3፣ ከ6፡55 እስከ 7፡05፣ ከ10 እስከ 12 መሆኑ ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ስትሞሉ አትደባልቁት።

ማጥፊያ። ቦታው ላይ ሰው ከሌለ ከርቀት የሚጠፋበት መንገድ አዘጋጁ፤ ከዋናው ጣቢያ የሚመጣው ምልክት ሲቋረጥም ማሰራጫው ራሱ ዝም እንዲል አድርጉ። የጥሪ ስሙንና የሚደወልበትን ስልክ ቦታው ላይ በሚታይ ቦታ ለጥፉ።

የረብሻ አቤቱታ ሲመጣ። አትደንግጡ፣ አትሳደቡም። በ2019 በወጣው ደንብ የተረበሸው ጣቢያ እንደ ሽፋኑ ሕዝብ ብዛት ከ6 እስከ 25 የሚደርሱ አድማጮች የፈረሙትን ቅሬታ ማቅረብ አለበት፤ አድማጮቹም በዚያ ጣቢያ 45 ዲቢዩ መስመር ውስጥ መሆን አለባቸው። አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ካርታ ላይ አስቀምጡ። ከመስመሩ ውጭ የሆነውን ለይታችሁ መልስ ስጡ። የቀረው እውነት ከሆነ ኃይል ቀንሱ፣ አንቴና ቀይሩ፣ ወይም ቻናል ለውጡ፤ ያው ደንብ ረብሻ ያለበት ትራንስሌተር በባንዱ ውስጥ ወደ ማንኛውም ክፍት ቻናል በቀላል ማሻሻያ እንዲዛወር ይፈቅዳል። ለዚህ ነው ደረጃ 4 ላይ የሠራችሁትን የእጩ ቻናሎች ዝርዝር መጣል የሌለባችሁ።

ኤኤሙ ሲታመም። አድማጩም፣ ማስታወቂያውም ወደ ኤፍኤሙ ሲሄድ የኤኤሙ ማሰራጫ መጠገን ይረሳል። መብረቅ ይመታዋል፣ መለዋወጫው «በሚቀጥለው ሳምንት» ይባላል፣ ኤፍኤሙ እየሠራ ስለሆነ ማንም አይቸኩልም። ነገር ግን ትራንስሌተሩ የቆመው በኤኤሙ ፈቃድ ላይ ነው። ኤኤሙ ከ24 ሰዓት በላይ ዝም ካለ ትራንስሌተሩም መጥፋት አለበት፤ ኤኤሙ 12 ተከታታይ ወር ከአየር ከጠፋ ፈቃዱ በራሱ ያበቃል። ስለዚህ የኤኤሙ ምልክት ሲጠፋ ስልካችሁ ላይ መልእክት የሚልክ መቆጣጠሪያ አስገቡ፣ ያ መልእክት የመጣበትን ሰዓትም መዝገብ ላይ ጻፉ።